ልጄ «ስክራች የሕፃን ነው» ብሎ ተወው፤ አሁን ምን ላድርግ?

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። እኔ ነርስ ነኝ፤ ከኮድ ጋር ትውውቅ የለኝም። ልጄ 12 ዓመቱ ነው። ከ10 ዓመቱ ጀምሮ በስክራች ጌም ይሠራል፤ ኮድ በመጻፍ ፈንታ ብሎክ የሚገጣጠምበት የልጆች ፕሮግራም ነው። ትምህርት ቤት አስጀመሩት፤ ከዚያ በራሱ ገፋበት። አምና ጅብ ፍየል የሚያሳድድበት ጌም ሠራ። ጎንደር ላለችው አያቱ ሊንኩን በቴሌግራም ላክንላት። ስልኳ ላይ ከፍታ በጣቷ ተጫወተችው። ሦስት ጊዜ ጅቡ በላት፤ በአራተኛው አመለጠች። የዚያን ቀን ፊቱን አልረሳውም።

ክረምት ላይ የአክስቱ ልጅ ሊጠይቀን መጣ። 16 ዓመቱ ነው። «ስክራች እኮ የሕፃን መጫወቻ ነው፤ እውነተኛ ጌም የሚሠራው በአንሪል ነው» አለው። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ስክራችን ከፍቶት አያውቅም። አንሪልን አወረደ። ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ይግላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የዩቲዩብ ትምህርት ያያል፣ ያየውን ይገለብጣል፣ የሆነ ነገር ይበላሽበትና ይተወዋል። እስካሁን አንድም ያለቀ ነገር የለውም። ትናንት ማታ «እኔ ጎበዝ አይደለሁም ማለት ነው» አለኝ። አንጀቴ ተላወሰ።

ወደ ስክራች ተመለስ ልበለው? ወይስ እንዲታገለው ልተወው? ወይስ መሃል ላይ ሌላ ነገር አለ?

ጌም ሠሪ ከስቶክሆልም

እህቴ፣ እንጀራዬ ጌም መሥራት ነው። ዩኒቲ በሚባለው የጌም መሥሪያ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ልጁ ስለ ራሱ ያለውን ነገር እናንሣ፤ ከመሣሪያው ይልቅ እሱ ያሳስበኛል።

አንሪል ኤፒክ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ1998 ካወጣው ጌም ጋር የመጣ ኢንጂን፣ ማለትም የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ነው። ዛሬ ትልልቅ ቡድኖች ይገለገሉበታል። አንዱ ሰው ብርሃን ብቻ ይሠራል። ሌላው ገጸ ባሕሪው ሲራመድ እግሩ እንዴት እንደሚያርፍ ብቻ ያያል። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ብቻውን ሲከፍተው በሠርግ ድስት አንድ እንቁላል ሊጠብስ እንደ መሞከር ነው። እንቁላሉ ቢያር ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ይህን ደጋግመሽ ንገሪው።

ለአክስቱ ልጅም የምትነግሪው አለኝ። አንሪል ውስጥ ብሉፕሪንት የሚባል አሠራር አለ። ኮድ በመጻፍ ፈንታ ሳጥኖችን በመስመር እያገናኙ ነው የሚሠሩበት። ደሞዝተኛ ባለሙያዎች በየቀኑ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ብሎክ ማገጣጠም የሕፃን ሥራ ነው የሚለው አያስኬድም።

ግን «ተመለስ» አትበይው። በ12 ዓመት ልጅ ጆሮ «ተሸነፍክ» ማለት ነው። ይልቅ ምን ዓይነት ጌም መሥራት እንደሚፈልግ ጠይቂውና ንገሪን። የመሣሪያው ምርጫ ከዚያ ይመጣል።

ባክኤንድ ከአዲስ አበባ

እኔ በሌላ ወገን ነኝ። ሥራዬ ባክኤንድ ነው፤ ተጠቃሚው የማያየውን የሰርቨር ኮድ እጽፋለሁ። ልጁ ሁለት ዓመት በስክራች ሠርቷል። ይበቃዋል። አሁን በቀጥታ በጽሑፍ የሚኮድበትን ፓይተን ወይ ሲ ሻርፕ ይጀምር።

ይህን የምለው ስክራችን ንቄ አይደለም። እኔ ጋ ለልምምድ የሚመጡ ወጣቶችን አያለሁ። በብሎክ ብዙ የቆዩት አንድ ልማድ ይዘው ይመጣሉ። ሁሉንም ተለዋዋጭ (እንደ ነጥብ ወይም ሕይወት ያለ የሚቀያየር ቁጥር) «ለሁሉም ስፕራይት» ያደርጉታል፤ ስፕራይት ማለት ጌሙ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሥዕል ነው። ከዚያ ለስፕራይቶቹ ሃያ መልእክት ያሰራጫሉ፤ ማን ምኑን እንደሚሰማ ራሳቸውም አያውቁም። ደግሞ ስክራች ላይ የራስህን ብሎክ ሠርተህ መልስ እንዲመልስ ማድረግ አትችልም። ትእዛዙን ፈጽሞ ይቆማል። ፕሮግራሚንግ ማለት ግን ግማሹ እሱ ነው፤ ትጠይቀዋለህ፣ ይመልስልሃል።

አገሩም ወደዚያ እየሄደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም የሚያስተምረው የፕሮግራሚንግ መሠረት፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድና ኤአይ ነው። ልጆቻችን ቶሎ ይጀምሩ።

የአይሲቲ መምህር ከአዳማ

ወንድሜ፣ ያነሣኸው ልማድ እውነት ነው፤ እኔም አየዋለሁ። ግን የመጣው ከብሎኩ ነው ወይስ ከአስተማሪው? ስክራች ላይ ተለዋዋጭ ስትፈጥር «ለዚህ ስፕራይት ብቻ» የሚል ምርጫ ያወጣልሃል። አብዛኛው ልጅ ሳያነብ ያልፈዋል። እኔ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እሱ ላይ እቆማለሁ። ሁለት ዶሮ በአንድ «ሕይወት» እንዲጫወቱ አደርጋለሁ። አንዷ ስትሞት ሌላዋም ትሞታለች። ክፍሉ ይንጫጫል። ከዚያ በኋላ አንዱም አይረሳውም።

ክፍሌ ውስጥ 38 ተማሪና 14 ኮምፒውተር አለ። ራማቸው 4 ጊጋባይት ነው። ኢንተርኔት አንዳንድ ቀን አለ፣ አንዳንድ ቀን የለም። ስክራችን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን አንዴ በፍላሽ ጭኜ ጨረስኩ። ቋንቋውን ወደ አማርኛ መቀየርም ይቻላል። ይህን ሳላውቅ ሁለት ዓመት በእንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ፤ ይቆጨኛል። የቀየርኩ ቀን ከኋላ ወንበር የማትናገር አንዲት ልጅ ነበረች። ብሎኩን ጮክ ብላ አነበበችውና «ይኼን ነው እንዴ የሚለው?» አለች። ለካ ሲከብዳት የነበረው ኮዱ አልነበረም፤ ቋንቋው ነው።

ስክራች እ.ኤ.አ. በ2007 ከኤምአይቲ ሚዲያ ላብ ሲወጣ የታሰበው ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ከዚያ በፊት ሎጎ የተባለውን የልጆች የኮድ ቋንቋ ከሠሩት አንዱ ሲሞር ፓፐርት ነበር። ጥሩ መሣሪያ ለመግባት ዝቅ ያለ ወለል፣ ለማደግ ከፍ ያለ ጣሪያ ይኑረው ይል ነበር። የስክራቹ ሚቸል ሬስኒክ ደግሞ ግድግዳውም ሰፊ ይሁን ብሎ ጨመረበት። ሁሉም ልጅ በአንድ በር እንዳይገባ ነው። አንዱ ጌም ይሠራል፣ አንዷ ተረት ታንቀሳቅሳለች፣ ሌላው ሙዚቃ ያቀናብራል። እኔ ይህን ግድግዳ ነው የምወደው።

ዕዳም አለበት፤ አልደብቅም። ስክራች ላይ የአጻጻፍ ስህተት የለም። የማይገጥም ብሎክ አይገጥምም፤ አለቀ። ስለዚህ ልጁ ቀይ የስህተት መልእክት ማንበብ ሳይለምድ ያድጋል። ወደ ጽሑፍ ኮድ ሲሄድ አንዲት ነጥብ ጎደለች ተብሎ ሁሉም ሲቆምበት ይደነግጣል። እህቴ፣ ልጅሽ ላይ የደረሰው ይኼ ይመስለኛል።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከባሕር ዳር

ቲቸር፣ በአክብሮት እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልናገር። እኔ ስክራችን የተውኩት ሰው ስለነገረኝ አይደለም። ጣሪያውን በራሴ ጭንቅላት ስለገጨሁት ነው።

ዝናብ የሚዘንብበት ጌም እየሠራሁ ነበር። እያንዳንዱ ጠብታ የአንዱ ስፕራይት ቅጂ ነው። የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ዝናቡ አልጨምር አለ። ሁለት ቀን የኔ ስህተት መስሎኝ ስፈልግ ከረምኩ። በኋላ ነው አንድ ፕሮጀክት ከ300 በላይ ቅጂ እንደማይፈቅድ ያወቅኩት። ስክሪኑም 480 በ360 ነው። ተርቦዋርፕ የሚባል አለ፤ ያንኑ የስክራች ፕሮጀክት በጣም ያፈጥነዋል፣ የ300ውን ገደብም ማንሣት ይቻላል። እሱን ጥቂት ወር ተጠቀምኩ። ከዚያ ጎዶ ወደሚባለው ነጻ የጌም መሥሪያ ሄድኩ።

ጎዶ ለኛ ዓይነት ኮምፒውተር ተስማሚ ነው። መጫን እንኳን አያስፈልገውም፤ አውርደህ ዚፑን ፈትተህ ትከፍተዋለህ። የአባቴ ላፕቶፕ አሮጌ ስለሆነ ፕሮጀክት ስፈጥር ለአሮጌ ማሽን የሚሆነውን «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን እመርጣለሁ። 2ዲ (ጠፍጣፋ ሥዕል ያለው) ጌም በደንብ ይሠራል።

የመጀመሪያው ሳምንት ግን ከባድ ነበር። ልጁ እንዳይደነግጥ ልንገራችሁ። ስክራች ላይ ዜሮ ዜሮ ያለው ስክሪኑ መሃል ነው፤ ወደ ላይ ስትሄድ ዋይ የሚባለው የከፍታ ቁጥር ይጨምራል። ጎዶ ላይ ዜሮ ዜሮ ከላይ በግራ ጥግ ነው፤ ዋይ የሚጨምረው ወደ ታች ነው። እኔ ገጸ ባሕሪዬ እንዲወድቅ ዋይን ቀነስኩ። ወደ ሰማይ በረረ! አቅጣጫም እንዲሁ ነው። ስክራች ላይ ወደ ቀኝ ማለት 90 ዲግሪ ነው፤ ጎዶ ላይ ዜሮ ነው። ፍጥነቱም ግራ አጋባኝ። ስክራች በሰከንድ 30 ጊዜ ያድሳል፤ የጎዶ ፊዚክስ ካልነካኸው 60 ጊዜ ነው። ያንኑ ቁጥር ገልብጬ ገጸ ባሕሪዬ በእጥፍ ሮጠ። መፍትሔው ፍጥነቱን በሰከንድ አስቦ በዴልታ ማባዛት ነው። ዴልታ ማለት ካለፈው እድሳት እስካሁን ያለፈው ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ ያለፍኩት ግን ስክራች ላይ ጌም ጨርሼ ስለማውቅ ነው። ስበት ማለት በየቅጽበቱ ፍጥነቱን መጨመር እንደሆነ ከጅምሩ አውቅ ነበር። የጠፋኝ ጎዶ ላይ የት እንደሚጻፍ ብቻ ነው።

ባክኤንድ ከአዲስ አበባ

ጎበዝ ልጅ ነህ። የመጨረሻው አንቀጽህ አሳመነኝ። ሐሳቡን ቀድሞ ካወቀ የሚማረው አዲስ አገር መንገድ ብቻ ነው። «በቀጥታ ፓይተን» ያልኩትን አነሣለሁ። መልስ የሚመልስ ብሎክ ስለሌለ ያልኩት ግን እንዳለ ነው። እሱን የፈለገ ልጅ ስናፕን ይሞክር። ከበርክሊ የወጣ የስክራች ዘመድ ነው፤ መልስ የሚመልስ ብሎክ አለው።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሥራ ስለነበረኝ ዘገየሁ።

ስቶክሆልም ያለኸው ወንድሜ እንዳልከኝ ጠየቅኩት። «እውነት ምን ዓይነት ጌም መሥራት ነው የምትፈልገው?» ጦርነት ምናምን የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ዝም ብሎ «ገበጣ» አለኝ። ከአያቱ ጋር፣ እሱ እዚህ እሷ እዚያ ሆነው እንዲጫወቱ። ባለፈው ጎንደር ስንሄድ መሬት ቆፍራ አስተምራዋለች። 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር። ለመሆኑ ስክራች ላይ ለምን አልሞከርከውም ስለው «አይችልም» አለኝ። እውነት አይችልም?

ጌም ሠሪ ከስቶክሆልም

እንዴት ያለ ሐሳብ ነው! ሳነበው ደስ አለኝ።

በአንድ ስክሪን ሁለት ሰው ተቀምጦ የሚጫወተውን ገበጣ ስክራች ያለ ምንም ችግር ይችላል። 12 ቁጥር የያዘ አንድ ዝርዝር ነው። ጠጠሩን ማንሣት፣ ቀጣዩ ላይ አንድ መጨመር፣ መጨረሻ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው መዞር። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ይመስላል፤ ግን ደንቡን ሁሉ ሲያስገባ ሳምንት ይወስድበታል። ያ ሳምንት ወርቅ ነው።

ከሩቅ የሚጫወቱት ሌላ ነው። ስክራች ክላውድ ተለዋዋጭ አለው፤ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ ሁለቱም ተጫዋቾች የሚያዩት ነው። ቁጥር ብቻ ይይዛል፣ በአንድ ፕሮጀክት 10 ብቻ ይፈቀዳል፣ አንዱ እስከ 256 አሃዝ ይችላል። ጠቅላላው ጠጠር 48 ስለሆነ አንድ ጉድጓድ ከሁለት አሃዝ አያልፍም። 12 ጉድጓድ በሁለት አሃዝ 24 አሃዝ ነው። ፊት ለፊቱ 1 ይጨምርበት፤ አለዚያ መጀመሪያ ላይ ያለው ዜሮ ሊጠፋ ይችላል። ተራው የማን እንደሆነ አንድ አሃዝ። 26 አሃዝ ብቻ! ሙሉ ገበጣው በአንድ ቁጥር ውስጥ ገባ። ዘዴው ይቻላል።

ችግሩ አያቱ ጋ ነው። ክላውዱን መለወጥ የሚችለው አካውንት ኖሮት የገባ ሰው ነው፤ እሱም አዲስ ከሆነ ትንሽ እስኪቆይ አይፈቀድለትም። ጎንደር ያሉ እናት ይህን ሁሉ እንዲያልፉ አልመኝም። ስለዚህ «አይችልም» ያለው ልጅሽ ግማሽ ልክ ነው። ይኼ ነው የእሱ ጣሪያ። የሚፈልገውን ያውቃል፣ የጎደለውን ያውቃል፣ ምክንያቱንም ያውቃል። አሁን መሸጋገር ይችላል።

እኔ ብሆን ሁለት እርምጃ እለዋለሁ። መጀመሪያ ገበጣውን ስክራች ላይ በአንድ ስክሪን ይጨርሰው። ከዚያ ያንኑ ገበጣ በጎዶ ይድገመው። አዲስ ጌም አይጀምር። ሐሳቡን ካወቀው ትግሉ ከመሣሪያው ጋር ብቻ ይሆናል። የሚያውቀው ብዙ ነገር እዚያም ይጠብቀዋል። ስፕራይቱን ኖድ ሆኖ ያገኘዋል። የሚያሰራጨው መልእክት ሲግናል ይባላል። ቅጂው ደግሞ ከአንድ ሲን (ተሠርቶ ከተቀመጠ የጌም ክፍል) የሚወጣ ኢንስታንስ ነው። የኢንተርኔቱ ጨዋታ ሦስተኛ ነው፤ ከባድ ስለሆነ አይቸኩል።

እኔ የዩኒቲ ሰው ሆኜ ለምን ጎዶ እንዳልኩ ልትጠይቂኝ ትችያለሽ። አንዱ ክብደቱ ነው። ሌላው ነጻነቱ ነው። ጎዶን የጀመሩት ሁለት አርጀንቲናውያን፣ ሁዋን ሊኒየትስኪና አሪየል ማንዙር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኮዱን ለሁሉም ከፈቱት። ዛሬ ማንም አይከለክለውም፣ ማንም አያስከፍልበትም። ዩኒቲ በሴፕቴምበር 2023 ከተወሰነ ገቢና ብዛት ያለፈ ጌም በተጫነ ቁጥር ላስከፍል ብሎ ነበር። ሠሪው ሁሉ ተነሣ። በወሩ ዋና ሥራ አስኪያጁ ለቀቁ፤ ክፍያውም በ2024 ተሰረዘ። እኔ ዛሬም በዩኒቲ እሠራለሁ፣ እወደዋለሁም። ለጀማሪ ልጅ ግን ማንም ሊዘጋበት የማይችለውን በር ማሳየት እመርጣለሁ።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከባሕር ዳር

እርስዎ ሲፈቅዱ ለልጁ አንድ ነገር ያስተላልፉልኝ። ገበጣው ላይ በእርግጠኝነት የሚጠብቀው ባግ (የኮድ ስህተት) አለ። ስክራች ዝርዝርን ከ1 ነው የሚቆጥረው። ጎዶ ከ0 ነው። ስለዚህ ስክራች ላይ ቀጣዩን ጉድጓድ ለማግኘት ያለበትን ቁጥር ለ12 አካፍሎ የተረፈው ላይ 1 ይጨምራል። 12 ላይ ከሆነ ትርፉ ዜሮ ነው፤ 1 ሲጨምርበት ወደ 1 ይመለሳል። ጎዶ ላይ ግን ጉድጓዶቹ ከ0 እስከ 11 ናቸው። መጀመሪያ 1 ይደምራል፣ ከዚያ ለ12 አካፍሎ የተረፈውን ይወስዳል። ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ግን መልሱን አይንገሩት። ይፈልገው።

የአይሲቲ መምህር ከአዳማ

«መልሱን አይንገሩት» ያልከው ደስ ብሎኛል። አስተማሪ ሁን።

እህቴ፣ ወረቀት ላይ እንዲጀምር አድርጊው። 12 ክብ ይሣልና በባቄላ ይጫወት። እያንዳንዱን እርምጃ በቃል ይናገር፤ አንቺ ደግሞ ጻፊለት። አማርኛና እንግሊዝኛ ቢቀላቅል ችግር የለውም። የጻፍሽው ወረቀት ኮዱ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ መብራት ሲጠፋ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ አንዳንዴ መብራት ካለበት ቀን ይሻላል።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ተመለስኩ።

ወረቀቱን ሠራን። ባቄላ አልነበረኝም፤ በሽምብራ ተጫወትን። እኔ ራሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮድ ምን እንደሆነ ገባኝ። «ባዶ ካልሆነ አንሣ፣ አንድ አንድ አድል፣ እጅህ ባዶ እስኪሆን» ብሎ አስጻፈኝ። ስክራች ላይ በዘጠኝ ቀን ጨረሰው። ከአባቱ ጋር ተጫውተው አባቱን ረታው።

ከዚያ ጎዶ ገባ። በሦስተኛው ቀን ከክፍሉ ጩኸት ሰማሁ። ደንግጬ ሮጥኩ። ቀይ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ አለ፤ እሱ ግን ይስቃል። «ማሚ፣ አሥራ ሁለተኛው ጉድጓድ የለም! ከዜሮ ነው የሚቆጥረው!» ማንም አልነገረውም። ያንን ቀይ መልእክት ራሱ አንብቦ ደረሰበት። ባለፈው ወር እንዲህ ዓይነት ቀይ ሲያይ ላፕቶፑን ይዘጋ ነበር።

የአክስቱ ልጅም ደውሎ ጠየቀው። አሁን የጉድጓዱን ሥዕል እሱ እየሣለለት ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የኢንተርኔቱ ገና ነው፤ እሱ ራሱ «ቆይ» ብሏል። ግን አያቱ ብቻዋን ከኮምፒውተሩ ጋር የምትጫወተውን ልንልክላት ፈልገናል። እንደ ስክራቹ ሊንክ ብቻ መላክ ይቻላል?

ጌም ሠሪ ከስቶክሆልም

ይቻላል። ጎዶ ላይ ኤክስፖርት ሲል «ዌብ» የሚለውን ይምረጥ። የሚወጡትን ፋይሎች በአንድ ዚፕ አድርጎ ኢች (itch.io) በሚባለው የጌም ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይስቀል። ዋናው ፋይል ስሙ ኢንዴክስ (index.html) መሆን አለበት። ከጎዶ 4.3 ጀምሮ ያለ ትሬድ (ሥራን ከፋፍሎ ጎን ለጎን የማስኬድ ዘዴ) ስለሚወጣ ስልክ ላይ የነበረው ጣጣ ቀንሷል። የአንድሮይድ መተግበሪያ ማውጣትም ይቻላል፤ ግን ተጨማሪ መጫን ያለባቸው ነገሮች ስላሉ ለመጀመሪያው ዌቡ ይቀላል። ሲጫን ከስክራቹ ከበድ ይላል። አያቱ ጋ መረቡ ደካማ ከሆነ መጀመሪያ ሲከፈት ትንሽ እንዲጠብቁ ንገሪያቸው። ጉድጓዶቹንም ሰፋ አድርጎ ይሣላቸው፤ ጣት ነው የሚነካቸው፣ ማውዝ አይደለም።

የአይሲቲ መምህር ከአዳማ

ሊንኩን እዚህም ለጥፊው። 38 የገበጣ ተጫዋቾች አዳማ ላይ እየጠበቁ ነው። ባግ ካገኙ ጽፈው ይልኩለታል።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ነገርኩት። «መጀመሪያ አያቴ ትይ፣ ከዚያ እነሱ» አለኝ። ቅዳሜ እለጥፈዋለሁ።